ዐይንህን የገለጥህ ዕለት

ሙሄዬ፣ የሀያት አባት፣

አላህ ቀብርህን በኑር ይሙላልህ። ከተለያየን ወዲህ ሁለት ረመዳን መጥቶ ሄደ። የመጀመሪያውን ዒድ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የዋልሁት። በዘንድሮው ግን ልጅህ «እማ፣ እኛም እንደ ሰው ሰው ቤት እንሂድ» ስትለኝ ሻሼን አስሬ ተነሣሁ። ጎረቤት ዞርን፣ በላን፣ ሳቅሁም። በሄድንበት ሁሉ ስምህን የሚያነሣ አልነበረም። እንዳይከፋኝ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ከፋኝ።

ይህን የምጽፍልህ በልቤ ይዤው የቆየሁት ነገር ስላለ ነው። ለሌላ ሰው ብነግረው ሸክም ይሆንበታል። አንተን ከእንግዲህ የሚከብድህ የለም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። የጓሮው ዘይቱን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ጣራው ከበሩ በላይ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ ወንድምህ ሰይድ ከውጫሌ መጥቶ ቆርቆሮውን ቀየረልን። ሲሄድ መሰላልህን ይዞ ሄደ። መሰርሰሪያህንና ወገብህ ላይ የምታስረውን ገመድ ግን አልሰጠሁትም። የስፌት መኪናዬን ከበረንዳ ወደ ሳሎን አስገብቼ ያንተ ወንበር በነበረበት ቦታ አድርጌዋለሁ። አትቀየመኝ፤ ብርሃኑ በዚያ በኩል ነው የሚገባው። ሀያት በቁመት አልፋኛለች። እግሯ ያንተን እግር ሆኗል፤ ዓመት ሳይሞላ ጫማ ይጠብባታል።

ከሐይቁ የሚነሣው የከሰዓት ንፋስ እንደ ልማዱ የሰው ዲሽ ያዞራል። ዲሹ የዞረበት ሰው አሁንም የኛን በር ያንኳኳል። ባለፈው አንዲት ሴት ከአርዲቦ ድረስ በባጃጅ መጥታ «ሙሄ ዲሽ አለ?» አለችኝ። የለም አልኋት። «መቼ ይመጣል?» አለች። ምን ብዬ እንደመለስሁላት አላስታውስም። ብቻ ውሃ አጠጥቼ፣ ትንሽ አስቀምጬ ሸኘኋት። በኋላ የነገሯት ሌሎች ናቸው መሰል፣ ተመልሳ እያለቀሰች መጣች።

እውነቷን ነው፣ ከሐይቅ እስከ አርዲቦ ዳር፣ ከዚያም አልፎ እስከ አምባሰል ተራራ ሥር ድረስ ጣራ ላይ ያለውን ዲሽ አብዛኛውን ያዞረው ያንተ እጅ ነው። ያንን ወደ አማርኛ የተመለሰ የሆስፒታል ድራማም ለየቤቱ ያስገባኸው አንተ ነህ። ከሁሉ በላይ የምትወደውም አንተ ነበርህ። ከመግሪብ በኋላ ጫማህን አውልቀህ፣ ሽርጥህን ታጥቀህ፣ ወንበሩ ላይ እግርህን አጥፈህ ስትቀመጥ የመስጊድ ሹም ትመስል ነበር። በሽተኛዋ የጭንቅላት ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ስትወጣ ጸጉሯ እንደ ሙሽራ ጸጉር ተሠርቶ፣ ከንፈሯ ቀልቶ ስታያት «ጭንቅላቷን ከፍተው ሲያበቁ ጸጉሯን ማን ሠራላት?» ትል ነበር። በሽተኛው ሊሞት ሲያጣጥር ማስታወቂያ ሲገባ፣ እኛ ስንጨነቅ፣ አንተ «አብሽሩ፣ ከማስታወቂያው በኋላ ይነቃል» ትለን ነበር። ይነቃም ነበር። መጀመሪያ ጣቱ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጥሎ ዐይኑ ይገለጣል፤ ቀጥሎ የሚስቱን ስም ይጠራል። ያን ጊዜ ስታላግጥ የቆየኸው ሰው በሽርጥህ ጫፍ ዐይንህን ትጠርግ ነበር። እኔም አይቼ እንዳላየ እሆን ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳንማር ሐኪም ሆንን። ጭንቅላቱን የታመመ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ከአፍንጫው ደም ይወርዳል፣ ደረጃ ላይ ወይም ሠርግ ላይ ይወድቃል፤ የምናውቀው ይኼንን ነበር። አርዲቦ ዳር ያሉት ሰዎችም የሚያውቁት ይኼንኑ ነበር። አንተ ያስገባህላቸውን ነው የሚያዩት።

በዚያ ጠዋት ራስህን እያመመህ ነበር የወጣኸው። ራስህን በሻሽ ሸብ አድርገህ፣ «ንፋስ መቶኝ ነው» ብለህ። የሄድኸው አያ አሊ ቤት ነበር፤ ከአርዲቦ በላይ ያለው፣ በቆሎ የሚያመርቱት ሽማግሌ ቤት። የሆነውን በኋላ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ጣራ ላይ ሆነህ መፍቻው ከቀኝ እጅህ ወደቀ። አቀበሉህ። እንደገና ወደቀ። ከዚያ በመሰላሉ ቀስ ብለህ ወርደህ መሬት ላይ ተቀመጥህና ፈገግ አልህ። ፈገግታው በአንድ ወገን ብቻ ነበር። ስትናገር ቃሉ አፍህ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ተንከባለለ። ቀልደኛነትህን ስለሚያውቁ ሳቁ።

«ልጄ፣ ሲያላግጥብን መስሎን ሳቅን» አሉኝ አያ አሊ፣ ዐይናቸው እንባ ሞልቶ። «አልወደቀ፣ ደም አልታየበት። ምን አውቀን?»

ሳቁ ሲቆም ሰው ዐይኑን ጥሎበት ነው ተባለና ጥላ ሥር አስተኙህ። ቁርኣን ተቀራብህ። ወተት ሰጡህ፤ በአፍህ ጥግ ፈሰሰ። በዚያ መሀል በግራ እጅህ ስልክህን አውጥተህ ደወልህልኝ። እኔ ገበያ መሀል ነበርሁ። «ዘ… ዘ…» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ያንተ ድምፅ ነው፤ ግን ያንተ አይደለም። ከዚያ ሌላ ሰው ስልኩን ተቀብሎ «ትንሽ ደክሞት ነው፣ አብሽሪ» አለኝ። ባጃጅ ተፈልጎ ሐይቅ ስትደርስ የዐስር ሶላት ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ አስመልሶህ፣ ዐይንህ ተከድኖ፣ ስትጠራ አትሰማም ነበር።

ደሴ በአምቡላንስ ወሰድንህ። መንገዱን ሁሉ ሰይድ እግርህን ይዞ፣ እኔ ራስህን ይዤ። ጭንቅላትህን በማሽን ፎቶ አነሡትና አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት ዶክተር አስጠራችን። ስትሮክ ነው አለች። የደም ግፊትህ ማንም ሳያውቀው ለዓመታት ከፍ ብሎ ኖሮ፣ በመጨረሻ ጭንቅላትህ ውስጥ አንድ የደም ሥር ፈንድቷል። ዶክተሯ በዝግታ ነበር የምትናገረው፤ ደክሟታል። ሰይድን ያናደደው ዝግታዋ ነበር።

«ለምን አትሮጡም?» አላት። «ለምን አትከፍቱትም? ወንድሜ እየሞተ እናንተ ታወራላችሁ። በቴሌቪዥን ይኼ የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

እኔ ትሰድበዋለች ብዬ ፈራሁ። አልሰደበችውም።

«እሱን ድራማ እናቴም ታየዋለች» አለችው። «እዚያ የተኛው ሰው ተዋናይ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ተነሥቶ ቤቱ ይሄዳል። የወንድምህ ደም የፈሰሰው ከመሀል፣ ከጥልቁ ነው። እዚያ ለመድረስ እንክፈት ብንል፣ የምንቆርጠው እስካሁን ያልተጎዳውን ነው።»

ሰይድ ገባኝ አለ። አልገባውም። እኔም አልገባኝም። በየቀኑ ከመኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ፣ ከወዲያ አንድ ቆብ ያደረገ ሐኪም መጥቶ «ተሳክቷል» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ማስታወቂያው ረዘመ እንጂ ትነቃለህ እያልሁ።

ስለዚያ አልጋ ቴሌቪዥኑ ነግሮን አያውቅም፣ ሙሄ። በአፍንጫህ በኩል እስከ ሆድህ የሚወርድ ቱቦ ነበረህ፤ በእሱ አጥሚት አጠጣሃለሁ። ጀርባህ እንዳይቆስል በየጊዜው አገላብጥሃለሁ፤ ቆሰለ። አክታህን ማሽኑ ሲስበው መጀመሪያ ፊቴን አዞር ነበር፤ በኋላ ለመድሁት። ጺምህን የላጨሁልህ እኔ ነኝ፤ አገጭህ ላይ ትንሽ ቆረጥሁህ፤ አልተቆጣኸኝም። በጆሮህ የማወራልህን ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። ስለ ዘይቱኑ፣ ስለ ልጅህ ፈተና፣ ስለ እናትህ። ሌሎቹ አስታማሚዎች መጀመሪያ ያፍሩልኝ ነበር፤ ኋላ እነሱም በሽተኞቻቸውን ማዋራት ጀመሩ።

ሦስተኛው ሳምንት ሲጋመስ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊትህን እየጠረግሁልህ ሳለ፣ ሁለቱንም ዐይንህን ገለጥህ።

አልጮህሁም። ጨርቁን እንደያዝሁ ቀረሁ። ሰይድ ግን አየና እዚያው ወለሉ ላይ ሱጁድ ወረደ። ተነሥቶም ወደ ኮሪደሩ ሮጦ ስልኩን አወጣ። ሐይቅ ደወለ፣ ውጫሌ ደወለ፣ አምባሰል እናትህ ዘንድ ደወለ። «ነቃ። ሙሄ ነቃ። ዐይኑን ገልጧል» ይላል፤ ድምፁ ይሰማኛል። እዚህ ሰፈራችን ውስጥ የቅሬው፣ የእድራችን ሴቶች ተሰብስበው እልል አሉ። ሀያትን ከክፍል አስጠርተው ነገሯት፤ ደብተሯን ጥላ ቤት ድረስ ሮጣ መጣች። እናትህ ለሰደቃ በግ አሳረዱ።

እኔ ግን ዐይንህን እያየሁ ነበር። ጣራውን ነበር የምታየው። ፊቴን ዐይንህ ወዳለበት ወሰድሁት፤ በውስጤ አልፈህ ጣራውን አየህ። ወደ ግራ ሄድሁ፤ አልተከተልኸኝም። እጄን መዳፍህ ውስጥ አኖርሁ። ያን ጊዜ ጨበጥኸኝ። ጠንክረህ ጨበጥኸኝ። «ጨበጠኝ» እያልሁ ዶክተሯን ጠራኋት።

መጥታ ጆሮህ አጠገብ አጨበጨበች። ባትሪ አበራች። ስምህን ጠራች። ጣቷን አስያዘችህ፤ የእሷንም ጨበጥህ። ከዚያ ትከሻዬን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«እህቴ፣ ዐይን መግለጥና መንቃት አንድ አይደሉም» አለችኝ። «መተኛትና መነሣትን የሚያዘው የጭንቅላት ክፍል ከታች ነው፤ እሱ ተመልሷል። ሰውን የሚያውቀው ክፍል ነው የተጎዳው። እጅሽን የጨበጠው ሕፃን ልጅ ጣት ሲሰጡት እንደሚጨብጠው ነው።»

«ያየኛል?» አልኋት።

«እኔ መርምሬ ባየሁት አያይሽም» አለች። «አያመውም ግን» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሰይድ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይዞት ነበር፤ እልልታው ከውስጡ ይሰማል። «ስሚያቸው» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። አልተቀበልሁትም።

ከዚያ በኋላ ሰው ከሐይቅ በሚኒባስ እየተጫነ መጣ። ብርቱካን ይዘው፣ ዳቦ ይዘው፣ ሊያዋሩህ። ስምህን እየጠሩ ያዋሩህ ነበር። ዐይንህን ስታርገበግብ «መለሰልኝ» ይላሉ። እኔም ተውኋቸው፤ ብርቱካን ይዞ የመጣን ሰው ምን ብዬ ላሳፍረው?

ብዙም አልቆየህም። ሳንባህ ውሃ አዘለ፤ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። የዙህር አዛን ሲል ትንፋሽህ እየተራራቀ መጣ፤ ከዚያ ሌላውን ስጠብቅ ሳይመጣ ቀረ። እንደ ድራማው መስመር የሚሠራ ስክሪን፣ ረዥም ድምፅ የሚያሰማ ማሽን አልነበረም። አጠገባችን ያለው አስታማሚ ሽንኩርት እየላጠ ነበር። ሰይድ የዶክተሯን ጋዋን ይዞ «ያንን ደረት ላይ የሚያደርጉትን ኤሌክትሪክ አምጪለት» ብሎ ለመናት። እጁን ቀስ ብላ ከጋዋኗ አላቅቃ፣ በሁለት እጇ ያዘችው። «እሱ ምቱ ለተዛባ ልብ ነው» አለችው። «ለቆመ ልብ አይሆንም፤ ለዚህ ሕመምም አልተሠራም።» ሰይድ እዚያው ተቀመጠ። መግሪብ ሳይደርስ ሐይቅ አድርሰን ቀበርንህ። የዚያን ዕለት ንፋስ አልነበረም።

አሁን ልነግርህ ወደፈለግሁት መጣሁ።

በለቅሶው ድንኳን ሰይድ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ፣ «እንዴት ነው የሄደው?» ሲሉት፣ «ዐይኑን ገለጠ፣ ሸሃዳ ያዘ፣ ‹ሀያት› ብሎ ልጁን ጠራና ሄደ» አለ። በመጋረጃው በኩል ሰማሁት። መጀመሪያ ሐዘኑ አሳስቶት መሰለኝ። በማግስቱ እናትህ ፊት ደገመው። እናትህ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ፣ ሸሃዳ ይዞ ነው የሄደልኝ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እህል ቀመሱ። እሳቸው እህል ሲቀምሱ እያየሁ ምን እላለሁ?

ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እየወፈረ መጣ። እንባ ጨመሩበት፤ እጄን መጨበጥህን ጨመሩበት። እንደዚያ ድራማ ክፍል ሆነ። ሰዎች ለእኔው ለራሴ ይተርኩልኝ ነበር። ሌላው ይሁን፤ የሚያስጨንቀኝ ሀያት ነበረች። አባቷ ስሟን ጠርቶ እንደሞተ ሲነግሯት አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። አንድም ቀን እኔን አልጠየቀችኝም። ይኼን ከእጇ ብነጥቃት በምትኩ ምን እሰጣታለሁ እያልሁ ስሰፋ ስንት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ።

ድራማውንም ማየት አልተወችም። ሲጀምር እኔ ጓሮ እወጣለሁ። አንድ ቀን ግን ስገባ፣ በጥይት ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ዐይኑን ገልጦ ውሃ ሲጠይቅ ደረስሁና ሄጄ አጠፋሁት። ልጅህ አልጮኸችብኝም። «እማ፣ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ» አለችኝ። «ተይኝ። እዚያ ይነቃሉ።» መልሼ ከፈትሁላት።

ክረምቱ እንደወጣ የጎረቤታችን የጋሽ ደምሴ ነገር መጣ። ሱሪ ላሳጥርላቸው ይዘው መጥተው በር ላይ ቆመው ስለ አምባሰል አዝመራ እያጫወቱኝ ነበር። የአፋቸው ጥግ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ቃላቸው ተምታታ። ሙሄ፣ መቀሴን ጥዬ ተነሣሁ። ዶክተሯ ከሆስፒታሉ ከመውጣቴ በፊት ያስተማረችኝን አልረሳሁም። «ጋሽዬ፣ ሁለቱንም እጅዎን ያንሡ» አልኋቸው። ግራው ተነሣ፤ ቀኙ ተንሳፍፎ ወደቀ። ሚስታቸው እትዬ ጥሩ ደርሰው «ጠበል እንውሰዳቸው» ሲሉ፣ «እትዬ፣ ጠበሉ ይጠብቅዎታል፤ ይኼ ግን አይጠብቅም» አልኋቸው። ባጃጅ አስቁሜ አብሬ ገባሁ። ደሴ ስንደርስ ገና ሰው ያውቁ ነበር። በጊዜ መምጣታቸው ጠቅሟል ተባለ።

ዳኑ። ሰፈሩ ሁሉ መረቀኝ። ነገር ግን መዳኑም እንደ ቴሌቪዥኑ አይደለም። ቀኝ እጃቸው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ቋንቋቸው ጠፋ፤ የቀረቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «ነገ»። ውሃ ሲጠማቸው «ነገ» ይላሉ። ሲናደዱም «ነገ»። ሚስታቸውን ለመጥራት ሲታገሉ ግንባራቸው በላብ ይጠመቅና የሚወጣው «ነገ» ነው። እትዬ ጥሩ ሲያነሡ ሲያስቀምጡ ወገባቸው ተቆረጠ። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ዘሃራ፣ እግዜር ይስጥሽ እልሻለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን ደክሞኛል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንዳንዴ አንቺ ተገላገልሽ እላለሁ» አሉ።

ደሜ ፈላ። ከዚያ እጃቸውን አየሁት፤ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። ያዝኋቸው። በምን እንደቀናሁባቸው ግን አልነገርኋቸውም። ላንተ ልንገርህ፤ አንተም «ነገ» ብትለኝ በቃኝ ነበር። ይኼን እያሰብሁ ደግሞ፣ አንተ እንደዚያ ሆነህ መኖር ትወድ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ጣራ ላይ የኖረ ሰው ነህ።

ሀያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ትሄዳለች። ማንኪያ ታሳያቸውና «ማንኪያ በሉ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይስቃሉ፣ ይታገላሉ። አንድ ከሰዓት ከዚያ መጥታ በስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆመች።

«እማ» አለች፣ «ጋሽ ደምሴ ነቅተው፣ ሁላችንንም እያወቁ የእትዬ ጥሩን ስም ማውጣት አልቻሉም። አባዬ የኔን ስም እንዴት ጠራ?»

መኪናውን አቆምሁ። ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። «አልጠራም» አልኋት። «ዐይኑን ገልጦ ነበር፤ ግን አልነቃም። እኔንም አላየኝም።»

ጠበቅሁ። ትጮኻለች ብዬ፣ ትጠላኛለች ብዬ። ልጅህ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ራሷን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች።

«አውቅ ነበር» አለች። «አባዬ ሀያት ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ሹሜ ነበር የሚለኝ።»

ሪሞቱ ከእጇ ስለማይጠፋ ሹሜ ያልሃት አንተ ነህ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። ሰይድ ይኼን አያውቅም፤ ቤታችን ውስጥ የቀረ ስም ነው። ታዲያ ከመጀመሪያው ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «አንቺ ያመንሽ መስሎኝ» አለች። እኔ ለእሷ ስል፣ እሷ ለእኔ ስትል፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ውሸት በሁለት ጫፍ ተሸክመን ኖረናል።

አለቀስን። ከዚያ ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኋት። ቱቦውን፣ ቁስሉን፣ እጄን የጨበጥህበትን፣ ዶክተሯ ያለችኝን። «ያመው ነበር?» አለች። አያመውም ተብያለሁ አልኋት። «ስለኔ ነግረሽው ነበር?» አለች። በየቀኑ፣ «ሹሜ ሰላም ትልሃለች» እለው እንደነበር ነገርኋት። ይሰማህ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልሁ። ይኼኛውን «አላውቅም» ተቀበለችኝ።

በዒዱ ማግስት አምባሰል እናትህ ዘንድ ወጣን። እንግዳ ነበር። እናትህ እንደ ልማዳቸው ያንን ነገር አነሡ፤ ሸሃዳውን፣ ስም መጥራትህን። ሲተርኩት ፊታቸው ይበራል። ልጅህ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስንወርድ ሰይድ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘን። እዚያ ላይ ሀያት አጎቷን በቀስታ «አባብዬ፣ እማ ነግራኛለች» አለችው። ሰይድ መሬት መሬት እያየ መለሰላት።

«ነቃ ብዬ የደወልሁት እኔ ነኝ» አለ። «በጉን ያሳረድሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እናቴ ፊት ባዶ እጄን መቆም አቃተኝ።»

ይቅር ብዬው እንደሆነ አላውቅም። ገብቶኛል ግን። ሀያት ሻሽዋን ፈትታ ፊቱን ጠረገችለት፤ እኔ ያን ማድረግ አልቻልሁም። ሲወጣልኝ እነግርሃለሁ።

ሙሄዬ፣ እናትህ በሕይወት እስካሉ እዚያ ቤት ዝም እንላለን። እዚህ ግን የሆንኸውን አንቀይረውም። ሀያት ነገ ወልዳ ልጇ ስላንተ ሲጠይቀኝ፣ ነቅቶ ነበር አልለውም። ደም ግፊት እንደነበረህ፣ ማናችንም እንዳላወቅን፣ ፈገግታህ ሲጣመም ሰው እንደሳቀ፣ ዐይንህ ተገልጦ እኔን እንዳላየኝ እነግረዋለሁ። በሽርጥህ ጫፍ እንባህን ስትጠርግም እነግረዋለሁ። ያማረውን ብቻ መርጬ የማስታውስህ ከሆነ የማስታውሰው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው አንተን ነው።

ጁሙዓ ጁሙዓ መቃብርህ ዘንድ ስንመጣ ስምህን ጮክ ብለን ነው የምንለው፤ ሰምተኸን ከሆነ። አንተ ሳትጠራን ሄድህ። እኛ ግን ወዳለህበት እስክንመጣ ድረስ እንጠራሃለን።

ዘሃራ፣ ሐይቅ